የኦሪገን ዩኒቨርሲቲ የአትሌቲክስ ቡድን፦ ዋንጫው የኮከብ ነው ወይስ የነጥብ?

ቀለበት_ዙር (ክሩን የከፈተ)

ሰላም ወገኖች። ከ2022ቱ የዓለም ሻምፒዮና ወዲህ ዩጂን የሚለው የኦሪገኗ ከተማ ስም ለማናችንም እንግዳ አይደለም። ለተሰንበት ግደይ 10,000ን በ30:09.94፣ ጉዳፍ ፀጋይ 5,000ን በ14:46.29 ያሸነፉበት ሄይዋርድ ፊልድ የኦሪገን ዩኒቨርሲቲ ሜዳ ነው። ጎተይቶም ገብረሥላሴ በ2:18:11፣ ታምራት ቶላ በ2:05:36 የሻምፒዮናውን ክብረ ወሰን የሰበሩበት ማራቶንም የተነሳው ከዚያው ዩኒቨርሲቲ ሌላ ስታዲየም፣ ከአውትዘን ደጃፍ ነው።

ስለ ሜዳው ብዙ ተብሏል። ስለ ቡድኑ ግን በአማርኛ የረባ ጽሑፍ የለም ማለት ይቻላል። የምታውቁ ሦስት ነገር ጻፉ፦ ዋንጫዎቹ የየትኛው ዘመን ናቸው? ነጥቡ እንዴት ይሰላል? አሰልጣኞቹስ ከሌላው ምን የተለየ ሠሩ? ፕሪፎንቴይን ፕሪፎንቴይን (የ1970ዎቹ ሯጭ ኮከባቸውን ማለቴ ነው) እያላችሁ ብቻ እንዳታልፉ አደራ። ዓመተ ምሕረቱን በፈረንጆቹ አድርጉት፣ አለዚያ እንደባለቃለን።

---

የድሮ_መም

ከታች ልጀምር። ቢል ሄይዋርድ ከ1904 እስከ 1947 አሰለጠነ። ሜዳው በ1919 ሲሠራ ለአሜሪካን ፉትቦል ነበር፤ የመሮጫው መም የተጨመረው በ1921 ነው። ፉትቦሉ በ1967 ወደ አውትዘን ሲዛወር ቦታው ለአትሌቲክስ ብቻ ቀረ።

ዋንጫ መሰብሰብ የተጀመረው በአሰልጣኝ ቢል ባወርማን ጊዜ ነው። በኤንሲኤኤ (የአሜሪካ ኮሌጆች ስፖርት ማኅበር) የመም ሻምፒዮና 1962፣ 1964፣ 1965 እና 1970። የመጨረሻው ለብቻ የተወሰደ አይደለም፤ ኦሪገን፣ ብሪገም ያንግና ካንሳስ እኩል ነጥብ አምጥተው ሦስቱም ሻምፒዮን ተባሉ። ቀጥሎ ቢል ዴሊንገር ተረከበ። እሱ ራሱ የባወርማን ተማሪ ነው፣ በ1964 ቶኪዮ ላይ በ5,000 ሜትር ነሐስ ያገኘው። ወንዶቹ በአገር አቋራጭ 1971፣ 1973፣ 1974 እና 1977፣ በመም ደግሞ 1984 አሸነፉ። ኤንሲኤኤ የሴቶች ሻምፒዮና ማካሄድ የጀመረው ገና በ1981/82 ሲሆን፣ የኦሪገን ሴቶች ብዙም ሳይቆዩ በ1983 እና በ1987 በአገር አቋራጭ፣ በ1985 በመም ዋንጫ አነሱ።

ከዚያ በኋላ ዝም። ከሃያ ዓመት ያላነሰ ድርቅ ነው። አሰልጣኝ ቪን ላናና በ2005 መጥቶ ወንዶቹ በ2007 እና በ2008 አገር አቋራጩን እስኪያሸንፉ ድረስ ኦሪገን በስሙ ብቻ ይኖር ነበር ብል ማጋነን አይሆንም። ከ2010 በኋላ ነገሩ ተገለበጠ፦ ሴቶቹ የቤት ውስጡን ሻምፒዮና ከ2010 እስከ 2014 አምስት ጊዜ ተከታትለው ወሰዱ፣ ወንዶቹ በመም 2014ን እና 2015ን ደገሙ፣ ሴቶቹ ደግሞ 2015 እና 2017። የሴቶች አገር አቋራጭ 2012 እና 2016ም አለ።

---

ሰዓት_በእጄ

የድሮ_መም፣ እጅህ ይባረክ። አንድ የዘለልከው አለ። በግንቦት 1956 ሎስ አንጀለስ ኮሊሲየም ላይ፣ በአሜሪካ ምድር ለመጀመሪያ ጊዜ ማይልን ከ4 ደቂቃ በታች የሮጠው የኦሪገን ተማሪ ነው፤ አውስትራሊያዊው ጂም ቤይሊ፣ 3:58.6። የተሸነፈው ደግሞ የዚያን ጊዜ የክብረ ወሰኑ ባለቤት ጆን ላንዲ።

በ1962 አራት የኦሪገን ልጆች በ4 በአንድ ማይል ዱላ ቅብብል 16:08.9 ሮጠው የኒውዚላንዶቹን የዓለም ክብረ ወሰን ወሰዱ። ለአራት ሲካፈል ለእያንዳንዱ ከ4:02.3 ያልበለጠ ይደርሰዋል። ባወርማን በዚያው ዓመት መጨረሻ ኒውዚላንድ ሄዶ ከአሰልጣኙ አርተር ሊዲያርድ ዘንድ ተራው ሕዝብ ለጤናው ሲል በዝግታ የሚሮጥበትን ልማድ አየና ዩጂን ላይ ጀመረው። የ«ጆጊንግ» ነገር አሜሪካ ውስጥ የተስፋፋው ከዚያ ወዲህ ነው።

---

አሎሎ_ወርዋሪ

እዚህ መድረክ ላይ ሁሉም ሯጭ ብቻ ነው የሚቆጥረው። ነጥብ ግን ጦርም ዲስከስም ያመጣል፣ እኩል!

የመሙ ሻምፒዮና ነጥብ ቀላል ነው፦ ከ1ኛ እስከ 8ኛ፣ 10፣ 8፣ 6፣ 5፣ 4፣ 3፣ 2፣ 1። ዱላ ቅብብልም እንደ አንድ ውድድር ይቆጠራል፤ አራት ሰው ሮጦ የሚያገኘው ያንኑ 10 ነው። ምርኩዝ ዝላይ ላይ ሁለት ሰው 5ኛ እና 7ኛ ቢወጣልህ 4 እና 2፣ ማለትም 6 ነጥብ ይዘህ ትሄዳለህ። 1,500 ላይ 3ኛ ከወጣ ኮከብ ጋር እኩል ማለት ነው።

የ1962ቱን ዋንጫ ተመልከቱ። የማይሉ ሰው ዳይሮል በርልሰን ነበር፣ አዎ። ግን ጄሪ ታር ሁለቱንም መሰናክል፣ የ120 ያርዱንም የ440ውንም፣ ብቻውን አሸንፏል። 20 ነጥብ ከአንድ ሰው! ማክ ዊልኪንስ በዲስከስ በ1976 ሞንትሪያል የኦሊምፒክ ወርቅ ያመጣው ከዚሁ ቤት ወጥቶ ነው። ኦቲስ ዴቪስን ጠይቁ እስቲ ስንቱ ያውቀዋል? ኦሪገን የመጣው ለቅርጫት ኳስ ነበር፣ ሩጫ የጀመረው ሃያዎቹን አጋምሶ ነው፤ በ1960 ሮም ላይ 400ን በ44.9 ሮጦ ከ45 ሰከንድ በታች የገባ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ከመሮጡ አራት ቀን በፊት።

---

ቀለበት_ዙር

ጋሽ አሎሎ ተቆጡ 🙂 ልክ ነዎት ግን። የአገር አቋራጩስ? እኛ የምናውቀው ስድስት ሮጦ አራት የሚቆጠርበትን ነው።

---

ሰብለ_ዱላ

ያ የዓለም ሻምፒዮናው ነው። ኮሌጆቹ ጋ 7 ይሮጣሉ፣ የመጀመሪያዎቹ 5 ደረጃ ይደመራል፣ ትንሽ ድምር ያመጣ ያሸንፋል። ከ1ኛ እስከ 5ኛ ጠቅልሎ የያዘ ቡድን 15 ያመጣል፤ ከዚያ የተሻለ ውጤት የለም። በሻምፒዮናው ወንዶች 10 ኪሎ ሜትር፣ ሴቶች 6 ኪሎ ሜትር ይሮጣሉ።

ሰው የሚሳሳትባቸው ሁለት ቦታዎች አሉ።

አንደኛ፣ 6ኛውና 7ኛው ሯጭ አይደመሩም ግን ከንቱ አይደሉም። የሌላ ቡድን 5ኛ ሯጭን ከቀደሙ ያን ሰው በአንድ ደረጃ ወደ ኋላ ይገፉታል፣ የዚያ ቡድን ድምርም ይጨምራል። ሁለተኛ፣ ቡድን ሳይኖራቸው በግል ያለፉ ሯጮች ለቡድን ነጥብ ሲሰላ ከዝርዝሩ ይወጣሉ። ስለዚህ ቴሌቪዥኑ ላይ 20ኛ የገባች ልጅ ለቡድኗ 14 ልታስመዘግብ ትችላለች። ቤት ሆናችሁ የመግቢያ ተራውን ብቻ ብትደምሩ መልሱ አይገጥምም።

ምሳሌ ልስጥ። አንዱ ቡድን 1፣ 2፣ 40፣ 60፣ 75 ቢያመጣ ድምሩ 178 ነው። ሌላው 12፣ 15፣ 18፣ 22፣ 28 ቢያመጣ 95። ሁለተኛው ምንም ኮከብ ሳይኖረው ዘረረው። ኦሪገን ላይም ደርሷል፦ በ2014 ኤድዋርድ ቼሴሬክ 1ኛ፣ ጓደኛው ኤሪክ ጄንኪንስ 2ኛ ወጡ፤ የቡድኑን ዋንጫ ግን ኮሎራዶ ወሰደ። በ2015ም ቼሴሬክ አሸነፈ፣ ዋንጫው ሲራክዩስ ገባ። በ2016 በተቃራኒው የኦሪገን ሴቶች ሚሺጋንን 125 ለ126 አሸነፉ። በአንድ ነጥብ! አንዲት ልጅ መጨረሻው ኮረብታ ላይ አንዲት ሯጭ ብትለቅ ኖሮ አለቀ ማለት ነው።

---

ዊላሜት_ዳር

ስለ ቼሴሬክ አንድ ልጨምር። ኬንያዊ ነው፣ በኦሪገን ቆይታው ዱላ ቅብብሉ ተጨምሮ 17 የኤንሲኤኤ ርዕስ ሰብስቧል። በወንዶች ከዚያ በላይ የለም። የቡድን አገር አቋራጭ ዋንጫ ግን አንድም አላነሳም። የክሩ ርዕስ መልስ እዚህ ላይ ያለ ይመስለኛል።

---

ሰዓት_በእጄ

እንዲህም አይደለም ወዳጄ። ፕሪፎንቴይን ያለበት ቡድን በ1971 እና በ1973 አገር አቋራጩን አሸንፏል፤ በሁለቱም ዓመት በግል አንደኛ የወጣው እሱ ነው። ኮከብ 1 ነጥብ ብቻ ነው የሚያመጣው፣ እሺ። ግን ኮከብ ያለበት ቤት ሌሎች ኮከቦች ይመጣሉ። 2ኛው፣ 3ኛው፣ 4ኛው ልጅ ዩጂን የሄደው ለምን ይመስልሃል?

ስቲቭ ፕሪፎንቴይን ኩስ ቤይ የምትባል የኦሪገን የወደብ ከተማ ልጅ ነው። የኤንሲኤኤን 5,000 (አንዳንዱ ዓመት 3 ማይል ነበር) ከ1970 እስከ 1973 አራቱንም ዓመት አሸንፏል። ሙኒክ 1972 ላይ 4ኛ ወጣ። በግንቦት 1975 በ24 ዓመቱ በመኪና አደጋ ሲሞት ከ2,000 እስከ 10,000 ሜትር ያለው የአሜሪካ ክብረ ወሰን በሙሉ በእጁ ነበር። በባወርማን ስም ሊካሄድ ታስቦ የነበረው ውድድር በዚያው ሰኔ ስሙ ተቀይሮ የፕሪፎንቴይን መታሰቢያ ሆነ። ቀነኒሳ በ2008 10,000ን በ26:25.97 የሮጠበት፣ ጉዳፍ በመስከረም 2023 የ5,000ን ክብረ ወሰን 14:00.21 ያደረገችበት ውድድር ያ ነው። የጉዳፍን ሰዓት በሐምሌ 2025 ቢያትሪስ ቼቤት እዚያው መም ላይ 13:58.06 ሮጣ አሻሽላዋለች።

---

ቀለበት_ዙር

ልምምዱስ? «ኦሪገን ሲስተም» የሚሉት ምንድን ነው?

---

ሰዓት_በእጄ

ሦስት ነገር ነው።

የመጀመሪያው ከባድና ቀላል ማፈራረቅ። አንድ ቀን ከባድ ልምምድ፣ በማግስቱ ወይም ለሁለት ቀን ቀላል ሩጫ። ዛሬ ማንም የሚያውቀው ነገር ይመስላል፤ በ1950ዎቹ ግን አብዛኛው አሰልጣኝ በየቀኑ ማድከም ነበር ሥራው። እዚህ ላይ የሚበላሸው ከባዱ ቀን አይደለም። ቀላሉ ቀን ነው። ቀላል በተባለው ቀን ጓደኛውን ሊያሸንፍ የሚሮጥ ልጅ በማግስቱ ከባዱን መጨረስ ያቅተዋል።

ሁለተኛው፣ የዛሬ ፍጥነትና የግብ ፍጥነት መለየት። ማይልን በ4:00 መሮጥ የሚፈልግ ልጅ የግብ ፍጥነቱ በዙር 60 ሰከንድ ነው። ዛሬ የሚችለው 4:20 ከሆነ የዛሬው ፍጥነት 65 ነው። ረጅም ድግግሞሹን በ65፣ አጭሩን (200 እና 300) በ60ው ሂሳብ ይሠራል፣ ማለትም 200ን በ30። በየሁለት ሦስት ሳምንቱ ተፈትኖ 65ቱ ወደ 64፣ ወደ 63 ይወርዳል። ስህተቱ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ሳይፈተን በምኞት መቀነስ።

ሦስተኛው 30/40 ነው። 200 ሜትር በ30 ሰከንድ፣ ቀጣዩን 200 በ40፣ ሳይቆሙ። አንድ ዙር 70 ሰከንድ ይሆናል። በዚያ ሂሳብ 12 ዙር ተኩል ብትሄድ 5,000ን በ14:35 ጨረስክ ማለት ነው፣ ፍጥነት እየቀያየርክ። ልምምዱ የሚያልቀው 30ዋ ወደ 31 ወይም 40ዋ ወደ 42 ስትንሸራተት ነው። ያን ጊዜ ይቆማል። ጀማሪ በ36/46 ወይም በ40/50 ይጀምር፣ ልዩነቱ 10 ሰከንድ መሆኑን ይጠብቅ እንጂ ቁጥሩ አያሳፍርም። ብዙዎች የሚያጠፉት 30ዋን በ28 ሮጠው 40ዋን በ46 ሲያርፉባት ነው። ያ ሌላ ልምምድ ነው፣ 30/40 አይባልም።

---

ዊላሜት_ዳር

ስለ መሬቱም ይነገር። ዩጂን ከባሕር ወለል በላይ 130 ሜትር ገደማ ናት፣ ከኅዳር እስከ ፀደይ ዝናብ አያባራም። የፕሪፎንቴይን ስም ያለበት የመሮጫ መንገድ ከአውትዘን አጠገብ ባለው መናፈሻ ውስጥ ነው፣ 6 ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል፣ የተፈጨ የዛፍ ቅርፊት የፈሰሰበት። ዝናብ ሲወርድ ጭቃ አይሆንም፣ ለጅማትም ከአስፋልት ይሻላል።

ሄይዋርድ ራሱ እስከ 1960ዎቹ መጨረሻ የከሰል አመድ መም ነበር። በ1970 ሰው ሠራሹ ንጣፍ ተነጠፈ። ረጃጅሙ ስፓይክ አዲሱን ንጣፍ ስለሚወጋው ባወርማን ሳይወጋ የሚቆነጥጥ ሶል መፈለግ ጀመረ፤ በ1971 የሚስቱን የዋፍል መጋገሪያ ላይ ዩሬታን አፍስሶ የሞከረው ለዚህ ነው። እንዳይጣበቅ የሚቀባ ነገር ስላልነበረ መጋገሪያው እንደተዘጋ ቀረ። ሐሳቡ ግን በሌላ ቅርጽ ተሠራና የናይኪ ጫማ ሶል ሆነ። ናይኪ የተወለደው ባወርማንና የቀድሞ ሯጩ ፊል ናይት በ1964 እያንዳንዳቸው 500 ዶላር አዋጥተው በጀመሩት የጃፓን ጫማ ንግድ ነው፤ ዛሬ ዩኒቨርሲቲው ያለውን ገንዘብ ለሚጠይቅ መልሱ እዚያ ነው። የእንጨቱ የድሮ ትሪቡን በ2018 ፈረሰ። አዲሱ 12,650 መቀመጫ አለው፣ ለትልቅ ውድድር ይጨመርበታል።

---

አሎሎ_ወርዋሪ

አሽተን ኢተንን ማን ያንሳ? በሰኔ 2012 በዚያው ሜዳ በዝናብ ዴካትሎኑን 9,039 አድርጎ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ። 100ን በ10.21፣ ርዝመት 8.23 ሜትር፣ መጨረሻ ላይ 1,500ን በ4:14.48። ከኦሪገን ተመርቆ የወጣው በ2010 ነው፣ የኮሌጅ ዴካትሎንን ሦስት ጊዜ አሸንፎ። አስሩን ሥራ የሚችል አንድ ልጅ ያለው ቡድን በርዝመት ዝላይም በመሰናክልም ሊጠቀምበት ይችላል። ይህንን ነው የነጥብ ብልጠት የምለው።

---

ቀለበት_ዙር

የ2017ቱን የሴቶች ዋንጫ «በ0.2 ዳነ» ሲሉ እሰማለሁ። ነጥብ እንዴት ክፍልፋይ ይኖረዋል?

---

ሰብለ_ዱላ

ከዝላይ ነው የሚመጣው። በከፍታ ወይም በምርኩዝ ብዙዎች በአንድ ቁመት ላይ በእኩል ሙከራ ሲወድቁ፣ የያዟቸው ደረጃዎች ነጥብ ተደምሮ ለቁጥራቸው ይካፈላል። ለአምስት ከተካፈለ .2 ወይም .4 የመሰለ ነገር ይተርፋል።

የዚያን ቀን ሂሳብ እንዲህ ነበር። የመጨረሻው ውድድር 4 በ400 ሊጀመር ሲል ጆርጂያ 62.2 ይዛ ጨርሳለች፣ ኦሪገን 54 አላት። ሁለተኛ ብትወጣ 8 ይጨመርና 62 ይሆናል፤ በ0.2 ተሸነፈች። ስለዚህ አንደኛ መውጣት ብቻ ነው ያለው፣ ምርጫ የለም። ማኬንዚ ደንሞር ጀመረች፣ ዲጃ ስቲቨንስ፣ ሃና ዋለር፣ ሬቨን ሮጀርስ ጨረሰች። ሮጀርስ የ800 ሰው ናት። የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ልጅ እስከ መስመሩ ድረስ አልለቀቀቻትም፤ ኦሪገን 3:23.13፣ ደቡብ ካሊፎርኒያ 3:23.35። የኮሌጅ ክብረ ወሰን ሆነ፣ ኦሪገን 64። በዚያ የትምህርት ዘመን አገር አቋራጩንም የቤት ውስጡንም አሸንፈው ስለነበር ሦስቱን በአንድ ዓመት የጠቀለለ የመጀመሪያው የሴቶች ቡድን ሆኑ።

4 በ400 ላይ ምን ሊበላሽ እንደሚችል ለማያውቅ ልንገር። የመጀመሪያዋ ሙሉ ዙሩን በመሟ፣ ሁለተኛዋ የመጀመሪያውን ኩርባ በመሟ ሮጣ ወደ ውስጥ ትገባለች። ከዚያ በኋላ ተቀባዮቹ የሚሰለፉት የየቡድናቸው ሯጭ 200 ሜትር ላይ ባላት ተራ ነው። ከተሰለፉ ወዲያ ሯጯ ብትቀድም እንኳ ቦታ መቀያየር ክልክል ነው፣ ያሰርዛል። ዱላው የሚቀባበለው በ20 ሜትር ክልል ውስጥ ሲሆን የሚታየው የዱላው ቦታ ነው፣ የእግር አይደለም። ዱላ ከወደቀ ማንሳት ያለባት የጣለችው ናት።

---

የድሮ_መም

ከእኛ ልጆች ጋር ስለተገናኙትም። የኦሪገኑ ጌለን ረፕ ለንደን 2012 ላይ በ10,000 ሁለተኛ ሲወጣ ታሪኩ በቀለ ሦስተኛ፣ ቀነኒሳ አራተኛ ነበሩ። ሪዮ ላይ በማራቶን ፈይሳ ሌሊሳ ብር ሲወስድ ነሐሱን የወሰደው ያው ረፕ ነው። በዚያው ሪዮ የ1,500ን ወርቅ የወሰደው ማቲው ሴንትሮዊትዝም፣ ፓሪስ 2024 ላይ 3:27.65 ሮጦ ያሸነፈው ኮል ሆከርም የኦሪገን ልጆች ናቸው። የውጭ ልጅም ሁልጊዜ ነበር፦ ብራዚላዊው ዦአኪም ክሩዝ በ1984 በሄይዋርድ 800ንም 1,500ንም ለኦሪገን አሸንፎ፣ በዚያው በጋ ሎስ አንጀለስ ላይ የ800ን የኦሊምፒክ ወርቅ ወሰደ።

---

እናት_በሲያትል

ይቅርታ በመሃል ገባሁ። ልጄ ሁለተኛ ደረጃ ሦስተኛ ዓመት ናት፣ 3,200 ትሮጣለች። እንዲህ ዓይነት ቡድን ውስጥ ለመግባት ምንድን ነው የሚያዩት? ስኮላርሺፑ ሙሉ ነው?

---

ሰብለ_ዱላ

እህቴ፣ ሙሉ ይሆናል ብለሽ አትነሺ። እስከ 2025 ድረስ በከፍተኛው ዲቪዚዮን የአንድ ትምህርት ቤት የወንዶች አትሌቲክስ 12.6፣ የሴቶች 18 ስኮላርሺፕ ነበረው፣ አገር አቋራጩን ጨምሮ፤ አሰልጣኙ ለብዙ ልጅ ቆራርሶ ያካፍለዋል። ከ2025/26 ጀምሮ አዲሱን የፍርድ ቤት ስምምነት በተቀበሉት ትምህርት ቤቶች የስኮላርሺፕ ጣሪያው ተነስቶ የሰው ጣሪያ መጣ፦ በመም 45፣ በአገር አቋራጭ 17። ገንዘቡ ሊሰፋ ይችላል፣ ወንበሩ ግን ጠበበ። ስለዚህ አሰልጣኙን «ስንት ትሰጣላችሁ» ከማለትሽ በፊት «በእሷ ዓመት የሚመረቁት የረጅም ርቀት ልጆች ስንት ናቸው» በዪው።

በትምህርት በኩል 16 ዋና ዋና ኮርስና በእነዚያ ኮርሶች 2.3 አማካይ ያስፈልጋል፤ ትራንስክሪፕቱ የሚጣራው በማኅበሩ ማዕከል ነው። ከ16ቱ አስሩ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሳይጀመር ማለቅ አለባቸው፣ ዘግይቶ ኮርስ መድገም ዋጋ የለውም። ዘንድሮውኑ ቁጠሪ።

---

ሰዓት_በእጄ

ሰዓቱንም በኤሌክትሮኒክ የተያዘውን ብቻ ይላኩ። በእጅ የተያዘ ሰዓት አሰልጣኞቹ ወደ ጎን ያደርጉታል። 3,200 ላይ የሚያዩት አንዷን ምርጥ ሰዓት ብቻ አይደለም፣ በሁለት ዓመት ውስጥ ምን ያህል እንደወረደችና የ1,600 ሰዓቷንም ነው። ኮሌጅ ገብታ ሻምፒዮናው ድረስ ለመሄድ በክልል ማጣሪያው ከ48 ውስጥ መመዝገብ፣ ከዚያ ከ12ቱ አንዷ መሆን አለባት፤ ከምሥራቅ 12፣ ከምዕራብ 12። የአገር አቋራጭ ውጤት ሲልኩ የኮርሱን ስም ይጻፉ፣ ምክንያቱም የአንዱ ኮርስ 5 ኪሎ ሜትር ከሌላው አይመሳሰልም። ዘመድ ጋ ክረምቱን አዲስ አበባ ሄዳ የሮጠችው ካለ ደግሞ ከፍታውን ከጎኑ ያስፍሩ፤ ያለዚያ ደካማ ሰዓት መስሎ ይታለፋል።